አደራሽ የምትመጣው ኳስ ናት፦ ከአገር ወጥታ ለምትጫወት ወጣት የመረብ ኳስ ተጫዋች

አምስተኛው ዙር ነው። 14 ለ 13 እየተመራን ነው። ሰርቭ የእኔ ተራ ነው። ዳኛው ፊሽካ ነፋ። ኳሷን ወረወርኳት፣ መታኋት፣ መረቡ ላይ ቀረች። 15 ለ 13። ተሸነፍን።

ያኔ 19 ዓመቴ ነበር። ፓስፖርት ያወጣሁትም ለዚያ ጉዞ ብዬ ነው። ያቺን ኳስ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ይዣት ዞርኩ። ታክሲ ውስጥ ትመጣብኛለች። ቅዳሴ ቆሜ ትመጣብኛለች። ልምምድ ላይ ሰርቭ ልመታ ስል ደግሞ ከሁሉም ቀድማ ትመጣለች።

አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ታዳጊና ወጣት ሴቶችን አሰለጥናለሁ። አንዳንዶቹ ከክለባቸው ጋር፣ አንዳንዶቹ ለብሔራዊ ቡድን ተመርጠው ከአገር ይወጣሉ። ከመሄዳቸው በፊት ቁጭ አድርጌ የምነግራቸውን ነው እዚህ የጻፍኩት። ሴቶችን ስለማሰለጥን «አንቺ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ወንድሞቼ፣ ለራሳችሁ አድርጋችሁ አንብቡት።

አደራውን አሳንሺው

ጫናው የሚጀምረው ሜዳ ላይ አይደለም። ቦሌ ነው የሚጀምረው። ባንዲራ ተይዞ ፎቶ ትነሣላችሁ። ከዚያ አንድ ትልቅ ሰው ፊት ለፊት ይቆምና «አደራ፣ አገራችሁን እንዳታሳፍሩ» ይላል። ቤት ስትሰናበቺ አባትሽም ብለውሻል። ጎረቤትም ብሎሻል።

አደራ በእኛ ዘንድ ቀላል ቃል አይደለም። «አደራ በላ» መባል ምን ያህል እንደሚከብድ ሁላችንም እናውቃለን። እንግዲህ የ18 ዓመት ልጅ ይህን ቃል ተሸክማ አውሮፕላን ትሳፈራለች። በሕጉ የመረብ ኳስ የሚመዝነው ከ260 እስከ 280 ግራም ነው። እሷ እጅ ላይ ሲገባ ግን አገር ያክላል። አገር የሚያክል ነገር ደግሞ ማንም ቢሆን ከመረብ በላይ አያሳልፍም።

አደራውን ጣዪው አልልሽም። ብልሽም አትችዪም፤ ባህላችን ነው፣ ፍቅርም አለበት። አሳንሺው ነው የምልሽ። ማሸነፍ ብቻሽን በእጅሽ ያለ ነገር አይደለም። ተቃራኒ ቡድን አለ፣ ዳኛ አለ፣ ከአንቺ ሌላ አምስት ልጆች ሜዳ ላይ አሉ። በእጅሽ ያለው ሌላ ነው። ኳስ ስትመጣ «የኔ!» ብለሽ ጮክ ብለሽ መጥራት በእጅሽ ነው። የመጀመሪያዋ እርምጃ በእጅሽ ናት። ለሰርቭ የምትወረውሪያት ኳስ ከፍታ በእጅሽ ነው። ጓደኛሽ ስትመታ ከኋላዋ ገብተሽ መሸፈን በእጅሽ ነው።

ከመሄድሽ በፊት ከነዚህ ውስጥ ሦስት ምረጪ። በወረቀት ጻፊና ከጉልበት መከላከያሽ ጋር ቦርሳ ውስጥ ክተቺው። አንዷ ተጫዋቼ የጻፈችውን ልንገርሽ፦ «ጮክ ብዬ እጠራለሁ። ጓደኛዬ ስትመታ እሸፍናለሁ። ከተሳሳትኩ በኋላ ወደ መሐል እገባለሁ።» «አሸንፋለሁ» የሚል የለበትም። እሷ አደራዋን እንዲህ አሳንሳ ይዛ ሄደች።

ሸኚዎችንም አንድ ነገር ልለምን። አደራ ማለት ካለባችሁ «አደራ፣ ተያያዙ» በሏቸው። እሱን ልጆቹ ሊፈጽሙት ይችላሉ።

ግማሹ ፍርሃት አየር ነው

ይህን ያወቅሁት መጫወት ካቆምኩ በኋላ ነው። ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ያ ሁለት ዓመት ይቀልልኝ ነበር።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሯ ስስ ነው። ስስ አየር ኳስን ብዙ አይዛትም። ሞምባሳ፣ ዳሬ ሰላም ወይም ጅቡቲ ስትወርጂ ግን አየሩ ይወፍራል፣ ኳሷን ይይዛታል። እዚህ የኋላው መስመር ላይ የሚያርፈው ሰርቭሽ እዚያ ቀድሞ ይወድቃል። እዚህ መረቡን ለጥቂት የሚያልፈው እዚያ ላያልፍ ይችላል። ሳትሽከረከር የምትመጣ የተቃራኒ ሰርቭ ደግሞ እዚያ ይበልጥ ትንቀጠቀጣለች፣ ክንድሽ ላይ ልትደርስ ስትል ቦታ ትቀይራለች።

እኛ የተጫወትነው ባሕር ዳርቻ ያለች ከተማ ነበር። በዚያ ውድድር ሰርቬ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዝቅ እያለብኝ ነበር። አሰልጣኞቹ «ተረጋጊ» አሉኝ። እኔም ፈሪ ስለሆንኩ መሰለኝ። ለካ እጄ አዲስ አበባ ነበር፣ ኳሷ ደግሞ ባሕር ዳርቻ። ማንም «ትንሽ ከፍ አድርገሽ ምቺ» አላለኝም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። እዚያ በምታገኙት የመጀመሪያ የልምምድ ሰዓት፣ ሰውነትሽን ካሟሟቅሽ በኋላ ከሌላው ሁሉ በፊት 20 ሰርቭ ምቺ። ለመግባት ብለሽ አትምቺ። እንደ ሁልጊዜው መቺና የት እንደምታርፍ ብቻ እዪ። የሚያጥርብሽ ከሆነ የምታነጣጥሪበትን ከፍታ ቀይሪ። እኔ ለልጆቼ «ከመረቡ በላይ አንድ ክንድ» እላለሁ። ከዚያ ሌላ ልጅ ሰርቭ ትምታልሽና ተቀበዪ። ኳሷ ከምትጠብቂው ቀድማ እንደምትወርድ እግርሽ ይልመድ።

አየሩ ብቻ አይደለም የሚለወጠው። ብዙዎቻችን ያደግነው ሲሚንቶ ላይ፣ ሰማይ ሥር ነው። ትንሿ ስታዲየም የተጫወተ ሰው ፀሐይና ንፋስ ያውቃል፤ ጣሪያ ግን አያውቅም። የተሸፈነ አዳራሽ ስትገቢ ከላይ መብራት ተደርድሯል፣ ከፍ ያለች ኳስ መብራቱ ውስጥ ትጠፋለች። መፍትሔው ቀላል ነው። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ሜዳው ላይ በጀርባሽ ተኚና ጣሪያውን እዪ። የትኛው መብራት በየትኛው ቦታሽ ላይ እንዳለ እወቂ። ከዚያ ተነሺና ወለሉ ላይ አምስት ጊዜ ወድቀሽ ተነሺ። ሲሚንቶ ላይ ያደገች ልጅ ለኳስ መውደቅ ትፈራለች፣ ልክም ናት። እዚያ ያለው ወለል ለስላሳ ስለሆነ ሰውነትሽ አምኖት ቢጀምር ይሻላል።

ኳሱም ሌላ ነው። በዓለም አቀፍ ውድድር ላይ የሚበዛው ሚካሳ ቪ 200 ደብሊው ነው፤ ቢጫና ሰማያዊው። አዲስ ሲሆን ቆዳው ከእኛ የተላላጠ ኳስ ጋር አይገናኝም። ክለብሽ አንድ እንኳ ካለው ከመሄድሽ በፊት ለሁለት ሳምንት እሱን እየተቀባበላችሁ ተለማመዱበት።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም። ቆሎ ያዢ። ጾም ከሆነ ለቡድን መሪው ሆቴል ሳትደርሱ ቀድመሽ ንገሪ፣ እራት ሰዓት ላይ አይደለም። ቆላ ስትወርጂ ውኃ ሳይጠማሽ ጠጪ፣ ምግብሽ ላይ ጨው አትቀንሺ።

ስምንቷ ሰከንድ

የሕዝብ መዝሙሩ ሲዘመር ሆድሽ ይላወሳል። እጅሽ ይቀዘቅዛል። ሽንት ቤት ደርሰሽ መጥተሽ ደግሞ ልሂድ ልሂድ ይልሻል። ጎንሽ የቆመችው ልጅም እንደዚያው ናት፣ ብትጠይቂያት ትነግርሻለች። መረቡን ተሻግረው የቆሙትም እንደዚያው ናቸው። ስሜቱ እንዲጠፋ አትጠብቂ። ሲመጣ ግን የምትሠሪው ነገር ይኑርሽ።

ለዚህ ከሰርቭ የተሻለ ማስተማሪያ የለም። በመረብ ኳስ ማንም ሳይነካሽ፣ ማንም ሳያጣድፍሽ፣ ኳሷ በእጅሽ ሆና የምትጀምሪው ሰርቭን ብቻ ነው። ዳኛው ፊሽካ ከነፋ በኋላ ለመምታት 8 ሰከንድ አለሽ። ስምንት ሰከንድ ብዙ ነው። እስኪ አሁን ቁጠሪው። እኔ ያቺን የመጨረሻ ሰርቭ ስመታ ሁለት ሰከንድ እንኳ የቆየሁ አይመስለኝም። ከእጄ እንድትወጣልኝ ነበር የፈለግኩት።

እንዲህ ለማድረግ ልመጂ። ኳሷን ስትቀበዪ መዳፍሽን ቁምጣሽ ላይ ጥረጊ። ሁለት ጊዜ አንጥሪያት። ቀና በዪና የምትመቺበትን ቦታ ምረጪ። ቦታ ስልሽ ሰው ማለቴ ነው። ‹ስድስት ቁጥሯ፣ ቀኝ ትከሻዋ› የሚያክል። ከዚያ አየር በአፍንጫሽ ሳቢና በአፍሽ ቀስ ብለሽ አውጪ። ማውጣቱ ከመሳቡ ይርዘም። ረዥም ትንፋሽ ስታወጪ ልብሽ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ትንፋሹ ሲያልቅ ወርውሪና ምቺ።

«ብቻ ትግባ» ብለሽ የመታሻት ኳስ ናት መረብ ላይ የምትቀረው። «ብቻ ትግባ» ስትዪ ክንድሽን ግማሽ መንገድ ላይ ትይዥዋለሽ። ሰው መርጠሽ ስትመቺ ግን ክንድሽ ሥራውን ይጨርሳል። ልትስቺም ትችያለሽ። ግን መትተሽ ነው የምትስቺው።

ይህን ካምፕ ውስጥ ዐርፈሽ ብቻ ብትለማመጂው አይጠቅምም። ሜዳውን አምስት ጊዜ ሮጠሽ፣ እያለከለክሽ ምቺ። ጓደኞችሽ መረቡ ሥር ቆመው ይጩኹብሽ፣ ያጨብጭቡ። አንዷ ስምንቱን ጮክ ብላ ትቁጠር። ወር ሙሉ እንዲህ ካደረግሽው እዚያ ሄደሽ አዲስ ነገር አይሆንብሽም።

ስትስቺ

ትስቻለሽ። ድሮ ሰርቭ ስትስቺ ኳሷ ለተቃራኒ ቡድን ታልፋለች እንጂ ነጥብ አይቆጠርብሽም ነበር። በአሁኑ ሕግ ግን እያንዳንዷ ኳስ ነጥብ ናት። ለዚህ ነው ስሕተቱ የሚያቃጥለው፤ ወዲያው ሰሌዳው ላይ ይጻፋል።

ግን ይህን ደግሞ አስቢ። አንድ ዙር 25 ለ 23 አሸነፍሽ እንበል። 23 ኳስ ተሸንፈሻል ማለት ነው። እያንዳንዷን ይዘሽ ብትቀሪ ያንን ዙር አታሸንፊም ነበር። ኳስ መሸነፍ የጨዋታው አካል ነው። የተሸነፍሻትን ኳስ ወደ ሚቀጥለው ይዘሽ መግባት ግን አንድን ስሕተት ሁለት ያደርገዋል። ሰርቭ ስታ የተበሳጨች ልጅ ወዲያው የሚመጣላትን ሰርቭ ስትቀበል እዪያት። እግሯ መሬት ላይ ተጣብቋል። ተቃራኒ አሰልጣኝም ያያታል፣ ቀጣዩም ሰርቭ ወደ እሷ ይመጣል።

ስለዚህ ኳስ በሞተ ቁጥር ስድስታችሁም ወደ መሐል ግቡ። የሳተችውም ትግባ፤ በተለይ እሷ። እጅ ተነካኩ። እዚያ የሚባለው ነገር ላይ እኔ ጥብቅ ነኝ። «አይዞሽ» መልካም ቃል ነው፣ እናቶቻችን ያሳደጉን በእሱ ነው። ሜዳ ላይ ግን ብቻውን አይበቃም። የሳተችው ልጅ «አይዞሽ» ስትሰማ የሚሰማት «አጥፍተሻል» የሚለው ሊሆን ይችላል። የሚሠራ ነገር ጨምሪላት። «አይዞሽ፣ አጭር ነው የምትሰጠው፣ አንድ እርምጃ ወደፊት ነይ።» «አይዞሽ፣ የመስመሩን እኔ እይዛለሁ፣ አንቺ መሐሉን።» አሁን የምታስበው ነገር አላት።

እኛ ጋ የነበረችው ሊቤሮ፣ ማለትም ኋላ ላይ ሆና ኳስ ለመቀበልና ለመከላከል ብቻ የምትጫወተው፣ ይህን የምትችል ልጅ ነበረች። ቁመቷ ትከሻዬ ላይ ነው የሚደርሰው። ስንስት ትመጣና ማሊያችንን ጎተት አድርጋ የሚቀጥለው ኳስ ወዴት እንደሚመጣ ትነግረን ነበር። ስለሞተችው ኳስ ስትናገር አንድ ቀን አልሰማኋትም። ያኔ ሥራ መስሎኝ አያውቅም፣ ጠባይዋ ነው ብዬ ነበር። አሁን ለልጆቼ እንደ ሥራ ነው የማስተምረው።

አሰልጣኝሽ በየዙሩ ሁለት ጊዜ ታይም አውት ሊጠይቅ ይችላል፣ እያንዳንዱ 30 ሰከንድ ነው። ሦስት ሰው ከተናገረ ምንም ሳትሰሚ ነው የምትመለሺው። ውኃ ጠጪና አሰልጣኙ ከሚሉት አንድ ነገር ብቻ ይዘሽ ግቢ። አምስተኛ ዙር ላይ ደግሞ እንዳትዘናጊ፦ የሚያልቀው 15 ላይ ነው፣ አንዱ ቡድን 8 ሲደርስ ሜዳ ትቀያየራላችሁ። በዚያ ዙር ሦስት ኳስ እስኪያልፍ የምታለቅሺበት ጊዜ የለም።

የሽንፈት ሌሊት

እዚህ ጋ ቀስ ልበል፤ እኔ የተጎዳሁት እዚህ ነውና።

ጨዋታው ሲያልቅ መጀመሪያ መረቡ ሥር ሄደሽ ጨብጪ። ዓይናቸውን እያየሽ። ዳኞቹንም ጨብጪ። ከዚያ ካለቀስሽ አልቅሺ። መልበሻ ክፍል፣ ገላሽን እየታጠብሽ፣ የጓደኛሽ ትከሻ ላይ። ያላለቀሰችው አልተናደደችም ማለት አይደለም፣ ያለቀሰችውም ደካማ ናት ማለት አይደለም።

ስልክሽን ለቡድን መሪው ስጪ። እስከ ነገ ቁርስ ድረስ። ይህን ሽንፈት ሳይመጣ ነው መስማማት ያለባችሁ፣ ከመጣ በኋላ ማንም እሺ አይልም። ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ያ ሌሊት የሚጻፈው ነገር ለአንቺ የተጻፈ አይደለም። ተናዶ የጻፈው ሰው ነገ ይረሳዋል፤ አንቺ ግን ቃል በቃል ታስታውሽዋለሽ። ከመስጠትሽ በፊት አንድ ስልክ ደውዪ። ለሚወድሽ ሰው። እኔ ለእናቴ ደወልኩ። ውጤቱን አልጠየቀችኝም። «በልተሻል?» ነው ያለችኝ። አልበላሁም ነበር። «በዪና ተኚ፣ ነገ እናወራለን» አለች። ከዚያ በኋላ ብዙ የተማሩ ሰዎች ሲመክሩ ሰምቻለሁ። ለዚያ ሌሊት ከዚህ የተሻለ ነገር የነገረኝ ግን የለም።

ክፍል ውስጥ ሸንጎ አትቀመጡ። «እሷ ብትቀበለው ኖሮ፣ እሱ ባይቀይረኝ ኖሮ» የሚባለው ጨዋታ በዚያ ሌሊት አይነሣ። የእኛን ልንገርሽ። ከእራት ስንመለስ ኮሪደር ላይ ከልዑካኑ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ። እኔ ከኋላቸው እንዳለሁ አላዩም። «አንዲት ሰርቭ መምታት አቅቷት ይህን ሁሉ ሰው አሳፈረች» አሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ጠዋት ሻይ ያመጡልኝም እሳቸው ናቸው። ግን ያቺን ዓረፍተ ነገር ይዤ ነው አዲስ አበባ የገባሁት። ሦስት ሳምንት ልምምድ አልሄድኩም። ለቤተሰብ «ጉልበቴን አሞኛል» አልኩ። ጉልበቴ ደህና ነበር።

ከቡድን ጋር የምትጓዙ አዋቂዎች ሁሉ፣ ኮሪደር ላይ ተጠንቀቁ።

ጠዋት ሲሆን ደብተር ያዢ። ማታ አይደለም፤ ማታ የሚጻፈው ሁሉ ስድብ ነው። ሦስት መስመር ብቻ ጻፊ። የመጀመሪያው መስመር ኳሷ ምን እንደሆነች ነው። አንቺ ምን እንደሆንሽ አይደለም። «ፈሪ ነኝ» አይጻፍም፣ «ኳሷ መረብ ላይ ቀረች» ይጻፋል። ሁለተኛው መስመር ምክንያቱ ነው፣ በሰውነት የሚታይ ምክንያት። ሦስተኛው ቤት ስትመለሺ ምን እንደምትለማመጂ ነው። እኔ ያኔ ደብተር አልያዝኩም። ዛሬ ብጽፈው እንዲህ ይላል፦ «ኳሷ መረብ ላይ ቀረች። ዝቅ አድርጌ ወረወርኳት፣ ቸኮልኩ፣ አየሩንም አላወቅሁትም። በየቀኑ ልምምድ ሲያልቅ ደክሞኝ ሳለሁ 20 ሰርቭ፣ ስምንት እየቆጠርኩ።» እዪው፤ ሁለት ዓመት የተሸከምኩት ነገር ሦስት መስመር ነው።

በማግሥቱ ሌላ ጨዋታ ካለሽ ሁሉንም አሳጥሪው። ኀዘኑ እስከ እራት ነው። ከእራት በኋላ ስለ ነገዎቹ ተጋጣሚዎች ብቻ ነው የሚወራው። የቀረውን ቤትሽ ስትመለሺ ታለቅሽዋለሽ። ቪዲዮውንም ለመመልከት አትቸኩዪ። ቤት ገብተሽ ጥቂት ቀን ካለፈ በኋላ ከአሰልጣኝሽ ጋር እዪው፣ መጀመሪያ ያሸነፋችኋቸውን ኳሶች።

አውቶቡስ ውስጥ የምነግራቸው

ልጆቼ ተሸንፈው ስንመለስ ሁለት ታሪክ እነግራቸዋለሁ። ሁሌ እነዚያኑ ሁለት ስለሆኑ አሁን በቃላቸው ያውቁታል።

አንደኛው የብራዚል ሴቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 አቴንስ ኦሊምፒክ፣ ግማሽ ፍጻሜ ከሩሲያ ጋር። ብራዚል 2 ለ 1 እየመራች አራተኛው ዙር ላይ 24 ለ 19 ደረሰች። ለፍጻሜ አንዲት ኳስ ብቻ ነበር የቀረቻት። አንዲት! አላገኟትም። ሩሲያ ዙሩን ወሰደች፣ አምስተኛውንም ወሰደች። ብራዚል ለነሐስ ስትጫወት ደግሞ በኩባ ተሸነፈች። ያን ሌሊት የእነዚያ ልጆች ክፍል ውስጥ ምን እንደነበር መገመት አያቅተኝም። ከአራት ዓመት በኋላ ቤጂንግ ላይ ወርቅ ወሰዱ። በ2012 ለንደን ደግሞ ምድቡ ላይ በአሜሪካና በደቡብ ኮሪያ ተሸንፈው እንደምንም አለፉ። ሩብ ፍጻሜ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ሩሲያ። አሁንም አምስተኛ ዙር። ሩሲያ ጨዋታውን ለመጨረስ አንድ ነጥብ ብቻ የቀራት ስድስት ጊዜ ነበር። ስድስቱንም አዳኑ። 21 ለ 19 አሸነፉ፣ በመጨረሻም ወርቁን ወሰዱ። አሰልጣኙ ሦስቱም ጊዜ አንድ ሰው ነበሩ፣ ዦዜ ሮቤርቶ ጊማራይስ። ከ24 ለ 19 በኋላ ባለመባረራቸው እኔ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው የጎረቤቶቻችን የኬንያ ልጆች ነው። ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ አምስት ጨዋታ ተጫወቱ። አምስቱንም 3 ለ 0 ተሸነፉ። አንድ ዙር ሳያገኙ ተመለሱ። በ2022 የዓለም ሻምፒዮና ላይ ካሜሩንን አሸነፉ። በ2023 ያውንዴ ድረስ ሄደው የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆኑ፤ ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ በተከታታይ ዋንጫውን የወሰደችው ካሜሩን በራሷ ሜዳ እያለች። በፓሪስ 2024 እንደገና ኦሊምፒክ ገቡ። ፓሪስም ላይ ሳያሸንፉ ነው የተመለሱት። ይህንንም እነግራቸዋለሁ፤ የምነግራችሁ ተረት አይደለም እላቸዋለሁ። እነዚያ ልጆች ተሸንፈው ወደ ልምምድ የሚመለሱበትን መንገድ ያውቃሉ። እኔ የምቀናው በዚያ ነው።

ቤት ስትመለሺ

ሰፈር ስትገቢ «እንዴት ነበር?» ይሉሻል። ሱቅ፣ ታክሲ ተራ፣ ቡና ላይ። በየቦታው ሙሉ ታሪኩን አታስረጂ፤ በተናገርሽው ቁጥር እንደገና ትሸነፊያለሽ። አንድ መልስ አዘጋጂ። «ተሸነፍን። እስከ አምስተኛ ዙር ወሰድናቸው። ሰርቬ ላይ እየሠራሁ ነው። እናንተስ ደህና ናችሁ?» ከዚያ በላይ ማንም አይጠይቅሽም። የሚጠይቅ ካለ መረብ ኳስ የሚወድ ሰው ነው፣ እሱን ቁጭ ብለሽ አጫውቺው።

ሳምንታት አልፈው እንቅልፍ ከሌለሽ፣ ምግብ ካልበላሽ፣ ኳስ ማየት ካስጠላሽ ግን ዝም አትበዪ። እኔ እንዳደረግኩት ጉልበትሽን አታሳብቢ። ለአሰልጣኝሽ፣ ለእናትሽ፣ ለንስሐ አባትሽ ወይም ለሼህሽ፣ ለምታምኚው ሰው ንገሪ። የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ መሄድ ቁርጭምጭሚት ሲወለም ወጌሻ ጋ እንደ መሄድ ነው። ማንም ቁርጭምጭሚቷ ስለተወለመ ያፈረች ተጫዋች የለችም።

የመጀመሪያው ልምምድ ቀን እኔ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ 14 ለ 13 ብዬ እጽፋለሁ። እየተመራን ነው፣ ሰርቭ የእኛ ነው። ሁሉም ይሰለፋሉ። ውድድሩ ላይ የሳተችው ልጅ መጀመሪያ ትመታለች፤ ይህን ከመሄዳችን በፊት ስለምነግራቸው ማንም እንደ ቅጣት አያየውም። ባለፈው ጊዜ ተራዋ የነበረች ልጅ ኳሷን ይዛ ቆማ እንባዋ መጣ። ማንም አልቸኮለባትም። እኔ ፊሽካዬን ነፋሁና መቁጠር ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት። መዳፏን ቁምጣዋ ላይ ጠረገች። ሦስት። ሁለት ጊዜ አነጠረቻት። አራት፣ አምስት። ቀና ብላ ሰው መረጠች። ስድስት ላይ ትንፋሿን አወጣች። ሰባት ላይ መታች። ኳሷ ማዶ ወደቀች። ሊቤሮዋ አንስታ መለሰችላትና ሄዳ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች። ቀጣይዋ ገባች። እኔም እንደገና ፊሽካ ነፋሁ።